ረጅሙ ሰው ኳስ ካልደረሰው

እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2023 ምሽት፣ ኮሎምበስ ኦሃዮ ውስጥ ሊጋጠሙ የወጡትን ሁለት የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድኖች ጎን ለጎን ያየ ሰው ውጤቱን ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም ነበር። ባንድ ወገን የኢንዲያናው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ቆሟል። መሐሉ ላይ 224 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው፣ በዚያው ዓመት የአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመው ካናዳዊው ዛክ ኢዲ አለ። በሌላው ወገን ከኒው ጀርሲ የመጣው ፌርሊ ዲኪንሰን ዩኒቨርሲቲ ነው። በአማካይ ቁመት ከአንደኛው ዲቪዚዮን 363 ቡድኖች ሁሉ ያጠረው እሱ ነበር፤ አማካዩ 185 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ኳሱን ከሚመሩት ሁለት ልጆች ዴሜትሬ ሮበርትስ 173፣ ግራንት ሲንግልተን 175 ሳንቲ ሜትር ናቸው። ቡድኑ በቀደመው ዓመት 4 ጊዜ ብቻ አሸንፎ 22 ጊዜ ተሸንፏል። ወደ ብሔራዊው ውድድር የገባውም የሊጉን ዋንጫ አንሥቶ አልነበረም። በሊጉ ፍጻሜ ያሸነፈው ሜሪማክ ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ገና በመሸጋገር ላይ ስለነበር ደንቡ ከለከለው፤ ዕድሉም ለተሸናፊው ተላለፈ። አቋማሪዎች ፐርዱ ከ20 ነጥብ በላይ በሆነ ልዩነት እንደሚያሸንፍ ገምተዋል። ጨዋታው 63 ለ 58 ሲያበቃ ግን ያሸነፈው አጭሩ ቡድን ሆነ። ውድድሩ በ1985 ወደ 64 ቡድን ካደገ ወዲህ በወንዶቹ በኩል 16ኛ ደረጃ የተሰጠው ቡድን 1ኛ ደረጃ የተሰጠውን ሲጥል ይህ ሁለተኛው ብቻ ነው። የመጀመሪያው በ2018 ዩኤምቢሲ ቨርጂኒያን 74 ለ 54 የረታበት ነበር።

ስለዚህ ጨዋታ በብዛት የሚወራው ትናንሾቹ ግዙፉን ሰው አሸነፉት የሚል ነው። የውጤቱ ሰሌዳ የሚለው ግን ሌላ ነው። ኢዲ በዚያ ምሽት 21 ነጥብ አስቆጥሮ 15 የተመለሱ ኳሶችን ሰብስቧል። 11 ጊዜ ሞክሮ 7ቱን አስገብቷል። ማንም ፊት ለፊት ገጥሞ አላቆመውም፤ ከእሱ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚያንሱ ልጆች ሊያቆሙትም አይችሉም። የጨዋታው ምሥጢር ያለው 11 በሚለው ቁጥር ላይ ነው። በአገሪቱ ወደር ያልተገኘለት ረጅም ሰው በ40 ደቂቃ ውስጥ የወረወረው 11 ጊዜ ብቻ ነው። የፌርሊ ዲኪንሰን ተጫዋቾች አንዱ ከፊቱ፣ አንዱ ከኋላው እየሆኑ ኳስ እንዳይደርሰው ዘጉት። ጠባቂዎቹ ደግሞ ኳስ አቀባዮቹን ገና ከሜዳው ጫፍ ጀምረው አፋጠጧቸው። ለፐርዱ ኳስ የሚያወጡት ሁለቱም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ። ፐርዱ በዚያ ጫና ሥር 16 ጊዜ ኳስ አባከነ። በመካከሉ ያለው መንገድ ሲዘጋበት ወደ ሩቅ ውርወራ ዞረ፤ ከ26 የሦስት ነጥብ ሙከራ የገባለት 5 ብቻ ነው። በአሸናፊው በኩል 19 ነጥብ ያስቆጠረው ሾን ሙር ነበር፤ 193 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የኮሎምበስ ልጅ። ጨዋታው አንድ ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ከሩቅ ያስገባት ሦስት ነጥብ ልዩነቱን ወደ 5 አሰፋችው።

ከዚህ ጨዋታ በኋላ ሁለት አባባሎች ተደጋገሙ። አንደኛው ቁመት ምንም አይደለም፣ ዋናው ልብ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ይህ ተአምር ነው፣ በመቶ ዓመት አንዴ ይሆናል፣ ከሱም የሚገኝ ትምህርት የለም የሚል ነው። ሁለቱንም አልቀበልም። ቁመት በቅርጫት ኳስ ላይ ከሌላ ከማንኛውም ስፖርት ይልቅ ዋጋ አለው፤ ይህን መካድ ሜዳ ላይ የሚለፉትን አጫጭር ልጆች ማታለል ነው። ነገር ግን የቁመት ዋጋ በሰውየው ላይ ተለጥፎ የሚዞር ቋሚ ዋጋ አይደለም። ኳሱ በየትኛው የሜዳ ክፍል፣ ስንት ጊዜ፣ በማን እጅ እንደሚያልፍ እየታየ ይወጣል፣ ይወርዳል። ረጅም ቡድን ቁመቱ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ምርጫ ነው፤ በብዙ መንገድ ማሸነፍ ይችላል። አጭር ቡድን ያለው መንገድ አንድ ነው። እሱን አንዱን መንገድ ያለማመንታት ከያዘ ሊያሸንፍ ይችላል። ግማሽ በግማሽ ከያዘው ግን ይሸነፋል፤ ያውም በሰፊ ልዩነት።

መጀመሪያ ቁመት ለምን ዋጋ እንዳለው በቅጡ ማየት ያስፈልጋል። ጀምስ ኔይስሚዝ በ1891 ስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ጨዋታውን ሲፈጥር የፍራፍሬ ቅርጫቶቹን የሰቀለው የጂምናዚየሙ ፎቅ መደገፊያ ላይ ነው። የዚያ መደገፊያ ከፍታ 10 ጫማ፣ ማለትም 305 ሳንቲ ሜትር ነበር። የሰው ልጅ ቁመት ምን ያህል እንደሆነ አስልቶ የመረጠው ከፍታ አይደለም፤ ሆኖም እስከ ዛሬ አንዲት ጣት አልተነሣም። ስለዚህ አንድ ሰው በረዘመ ቁጥር ወደ ቀለበቱ ይቀርባል፣ ውርወራው ይቀለዋል፣ የሌላውን ውርወራ መከልከልም ይቀለዋል፣ ስቶ የሚመለሰውንም ኳስ ቀድሞ ይነካል። ለዚህ ከማንም በላይ የሚመሰክሩት የጨዋታው ሕግ አውጪዎች ናቸው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የዲፖሉ ጆርጅ ማይከን እና የኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤሙ ቦብ ከርላንድ ወደ ቀለበቱ የሚወርደውን ኳስ ከላይ እየጠለፉ ሲያስቸግሩ፣ ድርጊቱ በ1944 በሕግ ታገደ። በ1956 ከቀለበቱ ሥር ያለው የተከለለ ቦታ ስፋት ከ6 ጫማ ወደ 12 ጫማ ከፍ ተደረገ፤ ረጅሙ ሰው እዚያ ተተክሎ እንዳይውል ነው። 218 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው ሉ አልሲንዶር፣ ኋላ ካሪም አብዱል ጀባር የተባለው፣ ለዩሲኤልኤ ዋናው ቡድን የመጀመሪያ ዓመት ጨዋታውን እንደጨረሰ በ1967 ኳስን ከላይ መክተት፣ ዳንክ የሚባለው፣ በኮሌጅ ጨዋታ ተከለከለ። ክልከላው እስከ 1976 ቆየ። ቁመት ዋጋ የሌለው ነገር ቢሆን ኖሮ ትልልቅ ሰዎች እየተሰበሰቡ ሕግ አያወጡበትም ነበር።

እነዚያው ሕግ አውጪዎች በ1986 ለኮሌጅ ጨዋታ የሦስት ነጥብ መስመር አሰመሩ፤ የአጭር ቡድን መሸሸጊያ የተገነባው ያኔ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። ከሩቅ ከሚወረወሩ 3 ኳሶች 1 የሚያስገባ ቡድን፣ ከቅርብ ከሚወረወሩ 2 ኳሶች 1 ከሚያስገባ ቡድን ጋር እኩል ነጥብ ያገኛል። ከቀለበቱ 6 ወይም 7 ሜትር ርቆ ለሚወረውር ልጅ የተከላካዩ ርዝመት ጨርሶ አይጠፋም፤ ነገር ግን ረጅሙ ሰው ከለመደው ቦታ ወጥቶ ሜዳ ላይ እንዲሮጥ ይገደዳል፣ እሱ በወጣበት ደግሞ ከቀለበቱ ሥር ያለው ቦታ ባዶ ይሆናል። የቅርጫት ኳስ ስታቲስቲክስ አዋቂው ዲን ኦሊቨር በ2004 ባሳተመው ‹ባስኬትቦል ኦን ፔፐር› በተሰኘው መጽሐፉ፣ የአንድን ጨዋታ ውጤት የሚወስኑት ጉዳዮች አራት መሆናቸውን አስረድቷል። እነሱም የውርወራ ጥራት፣ ኳስ አለማባከን፣ የተመለሰ ኳስ መሰብሰብ እና ነፃ ውርወራ ማግኘት ናቸው። ትልቁን ክብደት የሰጠው ለውርወራ ጥራት ነው፤ ሁለተኛውን ለኳስ አለማባከን። በዚህ መለኪያ ቁመትን ብንፈትሸው፣ ከሦስቱ ጉዳዮች ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ረጅም ሰው ከቅርብ ይወረውራል፣ የተመለሰውን ይሰበስባል፣ ጥፋት ተሠርቶበትም ወደ ነፃ ውርወራ ይሄዳል። ኳስ ባለማባከን ላይ ግን ቁመት ምንም አያግዝም። እንዲያውም ረጅም ሰው ኳስ ሲያንጠባጥብ ኳሷ ከመሬት ወደ እጁ ለመድረስ ብዙ መንገድ ትሄዳለች፤ ከሥሩ ላለ ፈጣን እጅ የተጋለጠች ናት። የአጭር ቡድን ስሌት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ጨዋታው ከሦስቱ ጉዳዮች ይልቅ በዚህ በአንዱ እንዲወሰን ማድረግ።

ይህን ስሌት በተሟላ መልኩ ያሳየው ሦስት ነጥብ የሚባል ነገር በኮሌጅ ጨዋታ ገና ባልነበረበት ዘመን የተጫወተ ቡድን ነው። በ1964 የአሰልጣኝ ጆን ውድን ዩሲኤልኤ ከቋሚ ተሰላፊዎቹ ማንም ከ196 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም ነበር። የመሐል ተጫዋቹ ፍሬድ ስላውተር ራሱ 196 ነው። ለፍጻሜ ካንሳስ ሲቲ ላይ የገጠሙት ዱክ ደግሞ እያንዳንዳቸው 208 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ ሁለት ረጃጅሞች ነበሩት። የውድን ረዳት ጄሪ ኖርማን ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ የተጫወተው መላ ሜዳውን በሚሸፍን የመከላከያ ጫና ነው፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከመሐል፣ አንድ ከኋላ። የጫናው ዋና ዓላማ ኳስ መንጠቅ ብቻ አልነበረም። ባላጋራውን ከለመደው ፍጥነት አውጥቶ፣ ረጃጅሞቹ ገና ቦታቸው ሳይደርሱ ውሳኔ እንዲወስን ማስገደድ ነበር። ዱክ በመጀመሪያው አጋማሽ 30 ለ 27 ይመራ ነበር። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ ዩሲኤልኤ 16 ተከታታይ ነጥብ አስቆጥሮ 43 ለ 30 መራ። ዱክ በጨዋታው 29 ጊዜ ኳስ አባከነ፤ ውጤቱም 98 ለ 83 ሆነ። ጌይል ጉድሪች 27፣ ከተጠባባቂ ወንበር የተነሣው ኬኒ ዋሽንግተን 26 ነጥብ አስቆጠሩ። ዩሲኤልኤ ዓመቱን 30 ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ጨረሰ። ሁለቱ የዱክ ረጃጅሞች ያን ምሽት አላጠሩም። ኳሱ እነሱ ባሉበት ሳይደርስ ጨዋታው ሌላ ቦታ ላይ አለቀ እንጂ።

እዚህ ላይ ስለ ልኬት አንድ ነገር ማንሣት ተገቢ ነው። በተጫዋች ስም ፊት የሚጻፈው ቁመት ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ቅል ያለው ነው፤ ኳስ የሚነካው ግን በጣት ነው። በ1970 ፍጻሜ ዩሲኤልኤ የገጠመው ጃክሰንቪል 218 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም አርቲስ ጊልሞር ነበረው፤ ከጎኑም 213 የሚሆን ጓደኛ። ጊልሞርን የያዘው የዩሲኤልኤው ሲድኒ ዊክስ 203 ሳንቲ ሜትር ነው። ዊክስ የጊልሞርን ውርወራ ደጋግሞ በእጁ መታበት፤ ጊልሞር ከ29 ሙከራ 9 ብቻ አስገብቶ ቡድኑ 80 ለ 69 ተሸነፈ። በዘመናችንም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2025 የመጨረሻ አራት ጨዋታ ሂውስተን የገጠመው ዱክ ከሞላ ጎደል በሁሉም ቦታ ላይ የሚበልጠው ረጅም ቡድን ነበር፤ በመሐሉም 218 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው ደቡብ ሱዳናዊው ካማን ማሉዋች ነበረበት። ማሉዋች በዚያ ጨዋታ አንድም የተመለሰ ኳስ ሳይዝ ወጣ። ዱክ 8 ደቂቃ ገደማ ሲቀር በ14 ነጥብ እየመራ 70 ለ 67 ተሸነፈ። በሂውስተን በኩል ከተሰለፉት አንዱ ጆሴፍ ተግለር ቁመቱ 203 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሁለት ክንዶቹን ሲዘረጋ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ 229 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን ቡድን በወረቀት ላይ ባለው ቁመት ብቻ የመዘነ ሰው ይሳሳታል። የክንድ ርዝመት፣ የዝላይ ፍጥነት፣ ሰውን በጀርባ ከቦታው ገፍቶ መቆም፣ ኳሱ ከየት እንደሚመለስ ቀድሞ ማወቅ፣ እነዚህ ሁሉ ተደምረው ነው አንድ ሰው ሜዳ ላይ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ የሚወስኑት። ስለዚህ አጭር ከሚባሉት ቡድኖች አንዳንዶቹ በእውነቱ አጭር አይደሉም። ፌርሊ ዲኪንሰን ግን በየትኛውም መለኪያ አጭር ነበር፤ ለዚህ ነው የሱ ጉዳይ ከሂውስተን ይልቅ የሚፈትነን።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ፤ ጠንካሮች ናቸውና። የመጀመሪያው አንድ ምሽት ምንም አያስረዳም የሚል ነው። ፌርሊ ዲኪንሰን በሁለተኛው ዙር በፍሎሪዳ አትላንቲክ 78 ለ 70 ተሸንፎ ወጣ። ፐርዱም በዚያ ምሽት ከሩቅ ከሞከራቸው 26 ኳሶች 8ቱ እንኳ ቢገቡለት ኖሮ 9 ነጥብ ይጨምር ነበር፤ የተሸነፈው ደግሞ በ5 ነው። ይህ እውነት ነው፣ ዕድል ነበረበት። ነገር ግን ዕድሉ የተወለደው ከምርጫ ነው። አሰልጣኙ ቶቢን አንደርሰን ከጨዋታው በፊት የፐርዱን ጨዋታዎች አብዝቶ ባየ ቁጥር ማሸነፍ እንደሚችሉ ይበልጥ እንደሚያምን ለልጆቹ ነግሯቸው ነበር። ያየው ነገር ኢዲን ማቆም ይቻላል የሚል አይደለም። ኢዲ ኳስ ካላገኘ ሌሎቹ በረጅም ውርወራ መፈተን አለባቸው፣ ፈተናውን ሊወድቁ ይችላሉ የሚል ነው። ኢዲን ለአንድ ሰው ትቶ ሌሎቹን ቢጠብቅ ኖሮ ዕድል የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አይኖርም፤ ረጅሙ ሰው 40 ነጥብ አስቆጥሮ ይሄድ ነበር። ደካማ ቡድን ከጠንካራው ጋር ሲገጥም የሚያዋጣው ውጤቱ ሰፊ መዋዠቅ ያለበት ጨዋታ ነው። ተደጋግሞ ቢሞከር ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፍበትን አይፈልግም፤ አንድ ጊዜም ቢሆን የሚያሸንፍበትን በር መክፈት ነው የሚፈልገው።

በሚቀጥለው ዓመት የሆነው ነገር ይህንኑ በሌላ በኩል ያሳያል። ፐርዱ በ2024 ተመልሶ መጥቶ እስከ ፍጻሜው ደረሰ። አብዛኞቹ ልጆች እነዚያው ነበሩ፤ ኳስ አቀባዮቹ ግን አንድ ዓመት በስለዋል፣ ኢዲም ኳስ ያገኝ ነበር። በመጀመሪያው ዙር 16ኛ ደረጃ የተሰጠውን ግራምብሊንግ ስቴትን 78 ለ 50 ሲያሸንፍ ኢዲ 30 ነጥብና 21 የተመለሰ ኳስ ነበረው። በፍጻሜው ዩኮንን ገጠመ። የዩኮን አሰልጣኞች ከፌርሊ ዲኪንሰን ፍጹም ተቃራኒውን መረጡ። ኢዲን ባብዛኛው ለአንድ ሰው ተዉት፤ እሱም 37 ነጥብ አስቆጠረ። ሌሎቹን ግን ከሦስት ነጥብ መስመር እንዳይወረውሩ አደረጓቸው፤ ፐርዱ በሙሉ ጨዋታው ከሩቅ የሞከረው 7 ጊዜ ብቻ ነው፣ የገባውም 1። ዩኮን 75 ለ 60 አሸነፈ። ታዲያ ይህ ቁመት አያስፈልግም ማለት ነው? በጭራሽ። ዩኮን ኢዲን ለአንድ ሰው ሊተው የቻለው ያ አንድ ሰው 218 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው ዶናቫን ክሊንገን ስለነበር ነው። ከላይ ቁመት ምርጫ ይሰጣል ያልኩት ይህን ነው። ዩኮን ኢዲን ሊዘጋውም፣ ሊተወውም ይችል ነበር፤ መርጦ ተወው። ፌርሊ ዲኪንሰን ምርጫ አልነበረውም። አንድ በር ብቻ ነበረው፣ በእሱ ገባ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሱ ከውድን ታሪክ የሚነሣ ነው። በ1964 ያለ ረጅም ሰው ዋንጫ ያነሣው አሰልጣኝ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አልሲንዶርን ወደ ካሊፎርኒያ አስመጣ። ከእሱ ጋር በሦስት ዓመት 88 ጊዜ አሸንፎ 2 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ ሦስት ዋንጫም አነሣ። አጭር ቡድን ይበቃል ቢል ኖሮ ይህን ልጅ ለምን ፈለገው? መልሱ ግልጽ ነው፤ ረጅምም ጎበዝም የሆነ ሰው ከተገኘ ማንም አሰልጣኝ ይወስደዋል፣ መውሰድም አለበት። ክርክሩ ግን እሱ ላይ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው በጣም ጥቂት ነው። በአንደኛው ዲቪዚዮን ከ350 በላይ ቡድኖች አሉ፤ ለያንዳንዳቸው ለብዙ ዓመት እስከ 13 የነፃ ትምህርት ዕድል ተፈቅዶ ቆይቷል። ይህን ሁሉ ቦታ የሚሞላ 210 ሳንቲ ሜትር የሚረዝምና ኳስ የሚችል ልጅ የትም አይገኝም። ያሉትን ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ቀድመው ይወስዷቸዋል። ለትናንሾቹ የሚተርፈው ምርጫ ረጅም ሆኖ ኳስ የማይችል ወይም አጭር ሆኖ ኳስ የሚችል ነው። አንደርሰን ሮበርትስን፣ ሲንግልተንን እና ሙርን ያመጣቸው ቀድሞ ካሠለጠነበት ከሁለተኛው ዲቪዚዮን ሴንት ቶማስ አኳይነስ ኮሌጅ ነው። ትልልቆቹ ቁመታቸውን አይተው አልፈዋቸዋል፤ ለእሱ ግን ጫናውን በየቀኑ ሲለማመዱ ያያቸው ልጆች ነበሩ። ትንሽ ኮሌጅ ከገበያው የሚያተርፍበት አንድ ቦታ ቢኖር ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ በቁመት ምክንያት አሳንሶ የገመተውን ችሎታ መሰብሰብ።

ሦስተኛውና ከሁሉም ሐቀኛ የሆነው ተቃውሞ ደግሞ የተሸነፉትን አጭር ቡድኖች ማን ይቁጠራቸው የሚል ነው። በእርግጥ አሸናፊዎቹን ብቻ እየመረጡ መጥራት ማስረጃን ማጣመም ነው፤ ስለዚህ ሁለት ተሸናፊዎችን ልጥቀስ። በ1966 የአሰልጣኝ አዶልፍ ራፕ ኬንታኪ ከቋሚዎቹ አንድም ከ196 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ አልነበረውም፤ 27 አሸንፎ 1 ብቻ ተሸንፎ ለፍጻሜ ቀረበ። ፍጻሜው የተካሄደው በኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ነው። የገጠመው ቴክሳስ ዌስተርን አምስት ጥቁር ተጫዋቾችን በቋሚነት አሰልፎ በፍጻሜ የቀረበ የመጀመሪያው ቡድን ነበር፤ የዚያ ቀን ትልቁ ታሪክም ይኸው ነው፣ ከቁመትም ከኳስም በላይ ነው። በጨዋታው በኩል ስናየው ግን የቴክሳስ ዌስተርኑ አሰልጣኝ ዶን ሃስኪንስ የኬንታኪን ፍጥነት ለመቋቋም ረጃጅም አልጨመረም። ሦስት ጠባቂዎችን ባንድ ላይ አሰለፈ፤ ከእነሱ አንዱ ዊሊ ዎርስሊ 168 ሳንቲ ሜትር ነበር። ቦቢ ጆ ሂል ከኬንታኪ ጠባቂዎች እጅ ኳስ በተከታታይ ነጥቆ ሲያስገባ ጨዋታው መልኩን ለወጠ፤ 72 ለ 65 አለቀ። አጭሩ ኬንታኪ የተሸነፈው ስላጠረ አይደለም፤ በራሱ መሣሪያ፣ በጠባቂዎች ፍጥነት ስለተበለጠ ነው።

የ2006 ቪላኖቫ ግን የተሸነፈው ስላጠረ ነው፤ ይህን ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። አሰልጣኙ ጄይ ራይት ከርቲስ ሳምፕተር የተባለው ተጫዋች በጉዳት ሲወጣበት ራንዲ ፎይን፣ አለን ሬይን፣ ካይል ላውሪን እና ማይክ ናርዲን፣ አራት ጠባቂዎችን ባንድ ጊዜ ማሰለፍ ጀመረ። ቡድኑ 1ኛ ደረጃ ተሰጥቶት እስከ ስምንቱ ምርጦች ደረሰ። እዚያ ግን ጆአኪም ኖዋ እና አል ሆርፎርድ ያሉበት ፍሎሪዳ ጠበቀው። ቪላኖቫ በዚያ ቀን ከ4 ውርወራ 1 ያህል ብቻ አስገብቶ 75 ለ 62 ተሸነፈ። ከሩቅ ሲወረውር አልገባለትም፤ ወደ ቀለበቱ ሲጠጋ 211 ሳንቲ ሜትር የሆነው ኖዋ ይጠብቀዋል። ሁለተኛ መንገድ አልነበረውም። የፍሎሪዳ ረጃጅሞች ደግሞ ሜዳ ላይ የሚሮጡ፣ ኳስ የሚያቀብሉ፣ ከጠባቂ ጋር ጎን ለጎን የሚፈጥኑ ነበሩ፤ በጫና የሚደናገጡ አልነበሩም። ያ ቡድን በዚያ ዓመትም በሚቀጥለውም ዋንጫ አነሣ። አጭር ቡድን እንዲህ ካለው ረጅም ጋር ሲገጥም ያለው አንድ በር ይዘጋል፤ ለዚያ መድኃኒት አላውቅም፣ ያለም አይመስለኝም።

ስለዚህ አጭር ቡድንን የሚፈትነው ዋናው ጥያቄ ባላጋራው ስንት ሳንቲ ሜትር ነው የሚለው አይደለም። ለረጅሙ ሰው ኳስ የሚያደርሱት እጆች ምን ያህል የተረጋጉ ናቸው የሚለው ነው። ከዚህ የሚከተል አንድ ከባድ ግዴታም አለ። መላ ሜዳ መጫን ያደክማል፤ 5 ወይም 6 ልጆች ብቻ ይዞ የሚጫን ቡድን በሁለተኛው አጋማሽ እግሩ ይታሰራል፣ ጥፋትም ይበዛበታል። ስለዚህ አጭር ቡድን ከረጅሙ ይልቅ ብዙ ተጫዋች ማዘጋጀት አለበት፤ ተጠባባቂው ከቋሚው ብዙ ያልራቀ መሆን አለበት። የተመለሰ ኳስም ላይ ረጅም ቡድን አንድ ሰው ልኮ የሚያገኘውን አጭር ቡድን አምስት ሰው ልኮ ነው የሚያገኘው፤ ሁሉም ሰው በጀርባው ባላጋራውን ከቀለበቱ አርቆ መያዝ አለበት። በየቡድኑ ሲለማመዱት የምናየው ጫና ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲመሩ የሚተውት፣ ሲመሩባቸው ብቻ የሚያነሡት ነው። ያ አጭር ቡድን የሚጠፋበት መንገድ ነው፤ ከረጃጅሞቹ ጋር በተረጋጋ ፍጥነት፣ በግማሽ ሜዳ፣ በእነሱ ቦታ መጫወት ማለት ነውና።

የትልቅ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ክሊንገንን ወይም ኢዲን የሚመስል ልጅ ካገኘ ይውሰደው፣ ኳስ የሚያደርስለትንም ጠባቂ አብሮ ይፈልግ። የትንሽ ኮሌጅ አሰልጣኝ ግን አንድ የነፃ ትምህርት ዕድል ብቻ ቀርቶት፣ ከፊቱ እግሩ የዘገየ የ211 ሳንቲ ሜትር ልጅና ጫና ውስጥ ኳስ የማይነጠቅ የ175 ሳንቲ ሜትር ልጅ ቢቆሙ፣ የ175ቱን ይውሰድ። ከወሰደውም በኋላ ዓመቱን ሙሉ፣ ሲመራም ሲመሩበትም፣ ሜዳውን በሙሉ ይጫን።